ተሳቢና ሰሚኮለን

ከትምህርት ቤታችን አጥር ውጭ ከባድ መኪና ሲቆም መጀመሪያ የሚሰማው የፍሬኑ ረጅም ትንፋሽ ነው። ቀጥሎ ተሳቢው ከኋላ ይደርስና ብረት ከብረት ይላተማል። ከዚያ የናፍጣ ሽታ ከአቧራ ጋር ተደባልቆ በመስኮት ይገባል። ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ምን ልል እንደነበር ይጠፋኛል።

ትናንትም እንደዚያው ሆንኩ። አንቺ ለሱፐርቪዥን ክፍሌን ልታዪ መጥተሽ ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ስለነበር አይተሽኛል። ደወሉ ከተደወለ በኋላ፣ "ይሄ የእንግሊዝኛ ኮማና ሰሚኮለን አስተማመርሽ በጣም ግሩም ነው፤ ከየት አመጣሽው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "ከልምድ ነው" አልኩሽ። አመንሽኝና የምርጥ ተሞክሮ ቅጹን ሰጠሽኝ፤ ሞልቼ፣ ስሜን ጽፌ እንድመልስልሽ። ቅጹ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከልምድ አይደለም። ከየት እንዳመጣሁት ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ያኔ አንድ ለአምስት የሚሉት አደረጃጀት በየክፍሉ ገብቶ ነበር። ጎበዝ የተባለ ተማሪ አለቃ ይሆንና አምስት ልጆች ከሥሩ ይመደቡለታል፤ ያስጠናቸዋል፤ በየሳምንቱ ማን ምን እንደተማረ ቅጽ ሞልቶ ለመምህሩ ይሰጣል። ቡድኑን ወክሎ የሚናገረውም አለቃው ነው። እኔ አለቃ ነበርኩ። እናቴ የቢሮ ሠራተኛ ስለነበረች ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን መጽሐፍ አያጣም ነበር። በእንግሊዝኛ የሚደርስብኝ አልነበረም፤ ይህንንም ከሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔው ራሴ ነበርኩ።

ከአምስቱ አንዷ ከከተማው ወጣ ካለችው ከመልካ ጀብዱ የምትመጣ ልጅ ነበረች። ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ቤታቸው የሚነገረው ሶማሊኛ ነው፤ አማርኛን የለቀመችው ከመንገድና ከሱቅ ነበርና አንተንና አንቺን ትቀላቅል ነበር። እኔም ንግግሯን እያስመሰልኩ ሌሎቹን አስቅባት ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ አስቂኝ ሆኜባት ሳይሆን ልጅነቴን አይታ ይመስለኛል። አባቷ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ጭነት በሌለበት ቀን ራሱ በከባዱ መኪና ስለሚያመጣት ሻሿ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እኔ ታዲያ አጠገቧ ስቀመጥ ፊቴን ዞር አደርግ ነበር።

አንድ ቀን በግቢው ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ ማንም ሳይጠይቃት እንዲህ አለችኝ። "አባቴ ዘንድሮ ብቻ ብሏል። በወላጆች ቀን መጥቶ ያያል። ጎበዝ ነሽ ከተባልኩ እቀጥላለሁ። ካልተባልኩ የአክስቴ ሱቅ ነው።" ከዚያ ቀጠለች፤ "ሱቅ መጥፎ አይደለም አቦ። ግን ሱቅ ውስጥ ዛሬም ያው ነው፣ ነገም ያው ነው።"

እሷን ጎበዝ ለማሰኘት የተቀመጥኩት እንግዲህ እኔ ነበርኩ። ሥራዬ እሱ ነበር።

በዚያ ሰሞን መምህራችን ኮማና ሰሚኮለንን አስተማረን። "ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ኮማ፣ ትንሽ በርከት ሲል ሰሚኮለን" ብሎ ሄደ። እኔ ከእናቴ መጽሐፍ ሕጉን በቃሌ ይዤ ነበርና ለቡድኔ አነበነብኩት፤ ራሱን የቻለ ሐረግ፣ ራሱን ያልቻለ ሐረግ፣ እያልኩ። አምስቱም አፍጥጠው ያዩኛል። ፀሐዩ በኒሙ ቅጠል መሀል እየገባ ደብተራችን ላይ ይርገበገባል፤ ሙቀቱ ያንገበግባል። ተናድጄ፣ "እናንተ መቼም አይገባችሁም" አልኩና ደብተሬን ከደንኩ።

እሷ ከመሬት ስንጥር አነሳች። አቧራው ላይ ከባድ መኪና ሣለች፤ ከኋላው ደግሞ ተሳቢ።

"ይሄ ሞተር አለው" አለች ዋናውን መኪና እየነካች። "ብቻውን ይሄዳል። ይሄ ተሳቢ ነው፣ ሞተር የለውም። ብቻውን ተወው፣ እዚያው ይቆማል። ኮማ መንጠቆው ነው። ተሳቢን በመንጠቆ ትጎትታለህ።"

"ሁለቱም ሞተር ካላቸውስ?" አልኳት፤ ላሳጣት ፈልጌ ነበር።

"ደህና መኪና በመንጠቆ ይጎተታል እንዴ? ሹፌሮቹ ይስቁብሃል።" ከፊት ለፊቱ ሌላ መኪና ሣለች። "አባቴና አጎቴ ሲሄዱ ሁለቱም የየራሳቸውን ይነዳሉ። ግን ተከታትለው ነው፤ አንዱ አንዱን በመስታወት ያየዋል። ያ ሰሚኮለን ነው። ነጥብ ደግሞ ሹፌሩ ደረሰ፣ መኪናውን ቆለፈ፣ ቤቱ ገባ።"

ሳላስበው ወደ መሬቱ ጎንበስ ብዬ ነበር። "ዝናብ ዘነበ" አልኩ በእንግሊዝኛ።

"ሞተር አለው።"

"የደቻቱ ወንዝ ሞላ።"

"እሱም አለው። ሰሚኮለን።"

"ዝናብ ስለዘነበ።"

"ተሳቢ" አለችና ሳቀች።

በዚያች ጥላ ሥር ቡድኑ በሙሉ ገባው። በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ መልሶ የማያውቀው ልጅ እንኳ ስንጥሩን ተቀብሏት አቧራው ላይ መንጠቆ ይሠራ ጀመር። እኔንም፣ ሕጉን በቃሌ የማውቀውን፣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ዓርብ ቅጹን ስሞላ ምን እንደጻፍኩ ዛሬም አልረሳሁትም፤ "አባላቱ በአለቃዋ ማብራሪያ ርዕሱን ተረድተዋል።"

የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ቆሟል፤ ሰው በደብተርና በሻሹ ጫፍ ያራግባል። እናቴ ዣንጥላዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች። ከውጭ ያ የፍሬን ትንፋሽ ተሰማ፤ ቀጥሎ የብረቱ ግጭት። የመልካ ጀብዱዋ ልጅ ዞር አለች። አባቷ ሽርጥ እንዳገለደመ ገባ፤ ከመንገድ በቀጥታ መምጣቱ ነበር። ወንበር ቢሰጡት አልቀመጥም አለ፤ በልብሱ እንዳያቆሽሸው ይመስለኛል። በሩ አጠገብ ቆመ።

ተራዬ ሲደርስ ሕጉን ላነበንብ ነበር የወጣሁት። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገርኩ ግን ወላጆቹ ማዛጋት ጀመሩ። እናቴም ሰዓቷን አየች። ያን ጊዜ ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ መኪና ሣልኩ፤ ከዚያ ተሳቢ። መንጠቆውን ተናገርኩ፤ ተከታትለው የሚነዱትን ሁለት ሹፌሮችም፣ በመስታወት መተያየታቸውንም ሳይቀር። ከበሩ አጠገብ አንድ ሳቅ ተሰማ፤ የሰውየው ሳቅ ነበር። አዳራሹም ተከተለው። ከሰሌዳና ከመጽሐፍ ርቆ የኖረ ሰው ሥራው ሰሌዳ ላይ ሲወጣ እንዴት ደስ እንደሚለው ያን ቀን አየሁ።

ጭብጨባው ሲያበቃ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። "ይሄን ነገር ማን ነገረሽ?" አለኝ። "እናንተ ቤት የመኪና ሰው አለ?"

እሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከቡድኑ ጋር ነበረች። ጥያቄውን ስትሰማ ወገቧን ቀና አደረገች። መናገር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ጣቴን ብቀስር ይበቃል። እሷን ለማስቀጠል ከዚያ በላይ የሚፈለግ ነገር አልነበረም። እኔ ግን እናቴን አየሁ፤ ፈገግ ብላ መልሴን ትጠብቃለች። መምህሩንም አየሁ።

"ራሴ አስቤው ነው" አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አላመለጠኝም። አውቄ ነው ያልኩት።

"ማሻአላህ" አለ ሰውየው። "ስምሽ ማነው? የአባትሽስ?" ነገርኩት። ስሜን ከነአባቴ ጮክ ብሎ ደገመው፣ እንዳይጠፋው። ከዚያ ወደ ሴት ልጁ ዞረ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ቀልድ አድርጎ ነው የተናገረው። "አየሽ? ይቺ የቢሮ ሰው ልጅ ናት፤ ተሳቢ ነክታ አታውቅም። አንቺ ተሳቢ ሥር ነው ያደግሽው። አንቺስ መቼ እንዲህ አሰብሽ?"

ሰው ሳቀ። እሷ ሻሿን አስተካከለች። ሰው ዳግም ሲያጨበጭብልኝ እሷም አጨበጨበች፤ እጆቿን አይቻቸዋለሁ። ወገቧ ግን ተመልሶ ጎብጦ ነበር።

በሩ ላይ ስንወጣ ተጠጋችኝ። "ጥሩ ተናገርክ" አለችኝ። "እኔ ብሆን አማርኛው ያስቸግረኛል።" አባቷ ጋቢና አወጣት። ተሳቢ ያለው መኪና ከጠባብ መንገድ ለመውጣት ጊዜ ይፈጃል፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። ሮጬ ደርሼ በሩን ማንኳኳት እችል ነበር። አቧራው እስኪነሳና መኪናው እስኪታጠፍ እናቴን እጇን ይዤ ቆምኩ። እናቴ፣ "ኮራሁብሽ ልጄ" ብላ የማንጎ ጭማቂ ጋበዘችኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወንበሯ ባዶ ሆነ። አለቃዋ እኔ ነኝና የሳምንቱን ቅጽ አውጥቼ በስሟ ትይዩ "አቋርጣለች" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለምን አቋረጠች የሚል ቦታም ነበረው። ሰረዝ አደረግኩበት።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። እኔን ግን አድምቆኛል። በዚያ ተሳቢ ተሸለምኩ፣ በኮሌጅ የማስተማር ልምምድ ተመሰገንኩ፤ ትናንት ደግሞ ምርጥ ተሞክሮ ተባልኩ። እያንዳንዱ ጭብጨባ ውስጥ የእሷን እጆች አያለሁ፣ ሆኖም ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለፈታኝነት መልካ ጀብዱ ተመደብኩ። ፈተናው ሲያልቅ ውሃ ልገዛ መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ጎራ አልኩ። መጀመሪያ ያወቅኋት በድምጿ ነው። ባንኮኒውን ዞራ መጥታ አቀፈችኝ። አማርኛዋ ተስተካክሏል፤ ሻሿ ናፍጣ አይሸትም፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። አንዲት ልጅ የለስላሳ ሳጥን ላይ ደብተር ዘርግታ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ትሠራለች።

"ይቺ ናት" አለቻት ልጅቷን። "አያትሽ የሚያወራላት። ተሳቢውን የተናገረችው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አባቴ እስኪሞት ድረስ ስምሽን ከነአባትሽ ይጠራ ነበር፤ ሹፌር ሁሉ ያውቅሻል ወላሂ" አለችኝ።

ድምጿ ውስጥ እሾህ ፈለግኩ፤ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። አልነበረም። ሞቷል ያለችውን ሰማሁ፤ እውነቱን ሳይሰማ ሞቷል። ልጅቷን ቀዝቃዛ ውሃ እንድታመጣ ወደ ጓዳ ላከቻት። ሁለታችን ብቻ ስንቀር አፌን ከፈትኩ። አላስጨረሰችኝም። ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ተይው አቦ። ልጆች ነበርን" አለችኝ።

ልጅቷ ውሃውን ይዛ ተመለሰች። አንድ ቃል ብናገር ልጅቷ እናቷ ማን እንደሆነች ታውቅ ነበር። "ጎበዝ እናት አለችሽ" ብቻ አልኳትና ጠጥቼ ወጣሁ። ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። ለአንድ ሰው እንኳን አልተናገርኩም፤ ዛሬ ለአንቺ ነው።

ዛሬ ጠዋት ቅጹን አወጣሁ። ከመኪናው እስከ መስታወቱ ሁሉንም እንዳለችው ጻፍኩት። "የተሞክሮው ባለቤት ሙሉ ስም" የሚለው ላይ ስደርስ የእኔን ሳይሆን የእሷን ስም ጻፍኩ። የአባት ስም የሚለው ጋ እጄ ቆመ። አንድ መንፈቅ ሙሉ አለቃዋ ነበርኩ፤ በየሳምንቱ ቅጽ ሞልቻለሁ፤ ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያ ስሟን ብቻ ነበር የምጽፈው። ያ ሰው ስሜን ከነአባቴ ጠይቆኝ፣ በጅቡቲ መንገድ ሁሉ እየጠራው ኖሮ ሞተ። እኔ ግን የእሱን ስም ጠይቄ አላውቅም።