የራስጌው ደወል

ሰፈሩ «ማስቲሽ» ነው የሚለው። ሥራው ሬዲዮና ስልክ መጠገን ቢሆንም ሰው የሚፈልገው ለማጣበቂያ ዕውቀቱ ነው። ሌላው ጠጋኝ «ይሄማ አይያዝም» ብሎ የመለሰውን የፕላስቲክ ዕቃ እሱ ተቀብሎ ያገላብጠዋል። ከጠርዙ ስስ ቅራፊ ይልጥና ብርጭቆ ውሃ ላይ ይጥላል። ከሰመጠ ብዙ አያስቸግርም። ከተንሳፈፈ ግን እንደ ጀሪካን ቅባት ቅባት የሚል ዓይነት ነውና ሱፐር ግሉ ብቻ ቢያፈሱበት እንደ ልጣጭ ተገንጥሎ ይወድቃል፤ አስቀድሞ ገጹን የሚያዘጋጅ ፈሳሽ መቀባት አለበት። ሰርኪት ላይ የላላ ዕቃ ሲያስይዝ ደግሞ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አያስጠጋም፣ መዳብ ይበላልና። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

እናቱ ካረፉ ወዲህ ግን ቀልዱም ቁም ነገሩም አንድ ሆኖበታል። ለቅሶው ላይ እንባ ቢያጣ አንዲት ጎረቤት እንዲሰማት አድርጋ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብላ ነበር። አልከፋውም። እውነቷን ነው ብሎ አለፈ። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፤ ምን በላህ ቢሉት አያውቅም።

አባቱ ወገባቸው ከተያዘ ቆይቷል፤ የሚውሉት ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ተኝተው ነው። ራስጌያቸው ላይ በፕላስቲክ ማቀፊያ የተያዘ የደወል ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት ሱቁ ውስጥ ይጮኻል። ድሮ እየሮጡ የሚደርሱላቸው እናቱ ነበሩ። እሳቸው በሞቱ ሰሞን ማቀፊያው ተገንጥሎ ወደቀ። ማስቲሽ እጁ የገባውን ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ ለጠፈው። ወደቀ። ደግሞ ለጠፈው፣ ደግሞ ወደቀ። አንድ ጠዋት አባትየው ደወሉን ከአልጋ ሥር አነሳለሁ ብለው ሲንጠራሩ ወድቀው፣ ወለሉ ላይ ተገኙ።

ታላቅ እህቱ ይህን ሰምታ ከምትኖርበት ከተማ መጣች። ማቀፊያውን አንስታ የደረቀውን ማጣበቂያ በጣቷ ፈተግ ብታደርገው ሙልጭ ብሎ ተነሳ።

«ለደንበኛ ዕቃ ውሃ አስቀምጠህ ትፈትናለህ፤ ለአባትህ ያገኘኸውን ትለጥፋለህ» አለችው። «ነገ አባዬን ይዤው እሄዳለሁ። እየተጣራ የሚሰማው ያጣ ሰው ትቼ አልሄድም።»

«እሺ፣ እታለም» አለ። እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቱ ለራሱም ገረመው። አባቱ ቢሄዱ ቤቱ ውስጥ የሚጠራው ሰው አይኖርም።

ማቀፊያውን ወደ ሱቅ ወሰደው። ቅራፊ ልጦ ውሃ ላይ ጣለ፤ ተንሳፈፈ። ውሃውም አያስፈልግም ነበር፤ ቅባት ቅባት እንደሚል ጥፍሩ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሮታል። እያወቀ ነው የለጠፈው። ለምን እንደሆነ አሁን ራሱን ጠየቀ፣ መልሱም ሩቅ አልነበረም። ደወሉ በጮኸ ቁጥር ጆሮው የእናቱን የነጠላ ጫማ ኮቴ ይጠብቃል። ኮቴው አይመጣም።

ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ ፈሳሹን ቀባ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ከዚያ አጣብቆ በመቆንጠጫ አሰረው። ቁልፉ ውስጥ የላላውን ዕቃ ሽታ በሌለው ሲሊኮን አስያዘ።

በማግስቱ እህቱ የአባታቸውን ልብስ ሻንጣ ውስጥ እያጣጠፈች ሳለ ገብቶ ራስጌው ላይ ገጠመው። ይዞ ጎተተው። አልጋው ተንቋቋ እንጂ ማቀፊያው ንቅንቅ አላለም።

«እንዲወድቅ የፈለግህ መስሎኝ ነበር» አሉ አባቱ።

ማስቲሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አልተቀየምኩህም፣ ልጄ። እኔም ሲጮህ የምጠብቀው እናትህን ነው።»

እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ተጫኑት። ባዶው ሱቅ ውስጥ ደወሉ ጮኸ። ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ በሩ ጣሉ። ማንም አልመጣም።

«አቤት፣ አባዬ» አለ ማስቲሽ፣ እዚያው አጠገባቸው እንደተቀመጠ።

እህቱ የአባቷን ሸሚዝ ከሻንጣው አውጥታ ግድግዳው ሚስማር ላይ መልሳ ሰቀለችው።