በቤቱ በኩል የሚቀመጠው ሬዲዮ

ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት ደሴ ላይ ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት ጊዜ ሊያባርሩኝ ነበር። ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጫኝ ነበርኩ። ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ እኔንም ቀነሰኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፣ ሚስት አለችኝ፣ ክንዴም ወፍራም ነው። ዛፍ እየቆረጡ ማገዶ የሚሸጡ ሰዎች ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲሉኝ፣ እንጨት መፍለጥ ምን ይከብዳል ብዬ ሄድኩ።

አለቃው ጋሽ ይመር ይባላሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማይቀናቸው ሰው ናቸው። መጥረቢያ ሰጡኝና አንድ የባህር ዛፍ ጉማጅ አሳዩኝ። ባለኝ ኃይል መታሁት። መጥረቢያው ጉጡ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ብጎትተው፣ ብወዘውዘው፣ በእግሬ ብረግጠው እምቢ አለ። በመጨረሻ ጉማጁን ከነመጥረቢያው አንስቼ ከመሬት ጋር ማላተም ጀመርኩ።

"እንድሪስ" አሉ ጋሽ ይመር፣ ተቀምጠው እያዩኝ፣ "ይሄ እንጨት ምን አድርጎህ ነው?"

"እምቢ አለኝ ጋሼ።"

"ጉጡን እየመታኸው እሺ ይበልህ? ጫፉን እየው። ስንጥቁ የጀመረበትን ፈልግና እዚያ ምታው። ጉጥ ካየህ አዙረው።"

እንዳሉኝ መታሁት፤ ለሁለት ተከፈለ። እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱ አናደደኝ።

የእኛ ሥራ ማዕረግ አለው። ከታች ጫኝ ነው፣ ቀጥሎ ፈላጭ፣ ቀጥሎ ገመድ ሳቢ፣ ከሁሉም በላይ የሞተር መጋዙን የሚይዘው አለቃ። መጋዙን ከጋሽ ይመር በቀር ማንም አይነካውም። ገመድ ሳቢያችን አበባው የሚባል የቦሩ ሜዳ ሰው ነው፤ እጁ ጎበዝ ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። እኔ ሁለት ዓመት ፈለጥኩ፣ ከዚያ ከአበባው ጋር ገመድ ሳብኩ። ዓይኔ ግን ሁልጊዜ መጋዙ ላይ ነበር። ማታ ሚስቴ ራት ስታቀርብ እንኳ ስለ መጋዙ ነው የማወራት።

ከተማ ውስጥ ዛፍ መጣል ጣጣ አለው። መጀመሪያ ባለቤቱ የፈቃድ ወረቀት ከቀበሌ ያመጣል። ከዚያ ዛፉ አናት አካባቢ ገመድ ይታሰራል። ከዚያ እንዲወድቅ በተፈለገበት በኩል ግንዱ ተቦርቡሮ ይከፈታል፤ ይህን "አፍ" እንለዋለን። በመጨረሻ በጀርባው ይቆረጣል፣ ሽብልቅ ይመታበታል፣ ገመዱ ይሳባል፣ ዛፉም ወደ አፉ ይተኛል። አልተኛም ካለ ሰው ቤት ላይ ነው። ደሴ ደግሞ ዳገት ላይ ናትና ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው፤ ያ ጎረቤት ደግሞ ከላይኛው ጋር ቀድሞውንም የተኳረፈ ነው የሚሆነው።

ስለ ደንበኞቻችን ባወራ ቀኑ አይበቃኝም። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሰውዬ፣ ቅጠሉ ቆርቆሮዬን አበላሸው ብሎ ጠራን። ጋሽ ይመር መጋዙን ሊያስነሱ ሲሉ፣ "ጥላውን ግን እንዳትነኩብኝ፤ ከሰዓት በኋላ የምቀመጠው እዚያ ነው" አለ። እየቀለደ አልነበረም። ጋሽ ይመር ትንሽ አዩትና፣ "እንግዲያው አንተ ጥላውን ወደዚያ አንሳልን፣ እኛ ዛፉን እናነሳለን" አሉት። ሰውዬው ዛፉን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣ ሐሳቡን ቀየረ። ያ ዛፍ እስከ ዛሬ አለ።

ከጣሪያው የማይሳሳ ባለቤት ግን አይቼ አላውቅም። ለዚህ ጋሽ ይመር ዘዴ ነበራቸው። ልጃቸው ከጂዳ የላከችላቸው፣ ፍላሽ የሚያጫውት ሬዲዮ አለ። ቀኑን ሙሉ መንዙማ ያሰሙበታል፤ አበባው ክርስቲያን ሆኖ ከእኔ በላይ በቃሉ ይዞታል። ከገዛ ዓይናቸው አብልጠው ነው የሚሳሱለት። መጋዙ ከመነሳቱ በፊት ሬዲዮውን እንደተከፈተ ወስደው ከቤቱ ግድግዳ ሥር ያስቀምጡታል። ከዚያ ለባለቤቱ፣ "ዛፉ ወደ ቤትህ ከመጣ ቀድሞ የሚሰብረው የእኔን ሬዲዮ ነው" ይሉታል። ባለቤቱም ሐሳቡ ይረጋል። እኛ ሬዲዮውን "ማስያዣው" ነበር የምንለው። ያን ሁሉ ዛፍ ስንጥል ማስያዣውን ጭረት እንኳ አልነካውም።

አንድ ቀን ገራዶ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ እናት ግቢ ሄድን። ከቤታቸው አጠገብ ትልቅ የፈረንጅ ጥድ ቆሟል። ጋሽ ይመር ዛፉን ዞረው አዩና ጉልበታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ከዚያ መጋዙን ወደ እኔ ገፉት።

"ዛሬ አንተ ጣለው" አሉ። "የእኔ ጉልበት አልቋል። በደህና ከጣልከው መጋዙ ያንተ ነው። ቤታቸውን ከነካኸው ወደ ፍልጡ ትመለሳለህ።"

አበባው ተጠግቶ፣ "አይዞህ፣ ቤቱ ከፈረሰም ያው ማገዶ ነው" አለኝ።

እትዬ ዘሀራ ደግሞ መጡ። "ልጄ፣ ይህ ቤት ከባለቤቴ የቀረኝ ነው፤ ሌላ መግቢያ የለኝም" አሉ።

"አብሽሩ እትዬ" አልኩ። ማስያዣውን ከግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። ስለ ሬዲዮው የሚነገረውን ቃል መናገርም የዚያን ቀን የእኔ ተራ ነበር። በፍርሃት ረሳሁት። ጎረቤት ጋ ሄደው እንዲቆዩ ብቻ ነግሬያቸው መጋዙን አስነሳሁ።

ባዶው ቦታ በጎመን መደቡ በኩል ስለነበር አፉን ወደዚያ ከፈትኩ። አበባው ገመዱን ይዞ ከአጥሩ ማዶ ቆሟል፤ ግቢውን አያይም። ጋሽ ይመር ከእጄ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። እኔ ከግንዱ በቀር የማየው ነገር አልነበረም። በጀርባው ቆረጥኩ፣ ሽብልቁን መታሁ፣ ለአበባው ጮህኩለት። ጥዱ ተንጣጣና ጎመኑ ላይ ተኛ። ከቤቱ አንዲት ቆርቆሮ አልተነካችም።

መጋዙን አጠፋሁ። ደስ ብሎኝ ልስቅ ስል መንዙማው አለመሰማቱ ገባኝ። ዞረን ግድግዳውን አየን። ሬዲዮው የለም።

እትዬ ዘሀራ እያመሰገኑ በበሩ ገቡ። "አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ ተረፈ! ሬዲዮናችሁንም አትርፌላችኋለሁ። ቤቱ ሥር ረስታችሁት፣ ዛፉ ቢወድቅበትስ ብዬ ስወጣ አራቅሁት።"

"የት አደረጉት እትዬ?" አሉ ጋሽ ይመር።

"ገላጣው ላይ፣ ጎመኑ መሀል። ብናኙ እንዳይገባበት መሀረቤን ሸፈንኩበት።"

ሁላችንም ወደ ጎመኑ ዞርን። ጎመን የሚባል ነገር አልነበረም።

ቅርንጫፉን ቆራርጠን፣ ግንዱን አንከባልለን ስናገኘው እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል። እትዬ ዘሀራ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አፈርኩ፤ እንባዬም መጣ። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አልነገርኳቸውም፣ ቦታውንም ሄጄ አላየሁም። መጋዙን ይውሰዱት" አልኩ።

ጋሽ ይመር ፍላሹን ከስብርባሪው ነቅለው እፍ አሉና ኪሳቸው ከተቱ። ከጉቶው እስከ ሬዲዮው ያለውን በዓይናቸው ለኩ። "ወላሂ፣ እኔ አውቄ ብጥለው እንዲህ መሀል ለመሀል አላገኘውም" አሉ። መጋዙን መልሰው ሰጡኝ። "ጂዳ ደውለህ ለልጄ የምትነግራት ግን አንተ ነህ።"

በማግሥቱ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት ሳቀች፤ ስለ መሀረቡ ስነግራት ደግሞ ማቆም አቃታት። ከዚያ ሳቋን ድንገት አቋረጠች።

"ሴትዮዋ ሬዲዮውን እዚያ ሲያስቀምጡ መጋዙ ተነስቶ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ተነስቶ ነበር" አልኩ።

ስልኩን እንደያዝኩ የቤቴ ደጃፍ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። እስከዚያች ደቂቃ የማስበው ስለ ሬዲዮው ነበር። እትዬ ዘሀራ መሀረባቸውን እያስተካከሉ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮስ?

ከዚያ ወዲህ በመጨረሻ በጀርባው ከመቁረጤ በፊት መጋዙን አጠፋለሁ፣ ዛፉ የሚተኛበትን ከዳር እስከ ዳር በእግሬ ሄጄ አየዋለሁ፣ ማንም እንዳይገባበት ከዳር ሰው አቆማለሁ፣ ተመልሼ አስነሳለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሥራ ታጓትታለህ ይሉኛል። ይበሉ። መጋዝ ለመያዝ ለምትጠብቁ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው፦ ቤቱን ብቻ አትዩ፣ ዛፉ የሚተኛበትንም ሄዳችሁ እዩ።