የእትዬ አስካለ የዘይቱን እጥፍ

ዘይቱን ሲሸተኝ ቀኝ ክንዴን ይበላኛል። ትናንት ከአዳማ ከቀብር ስመለስ፣ ሚኒባሱ መቂ ላይ ገና ቆም ሳይል ልጆቹ በፌስታል የቋጠሩትን ዘይቱን በየመስኮቱ ያስገቡ ጀመር፤ አጠገቤ የተቀመጡት የአርሲ ነገሌ ሽማግሌ አንድ ፌስታል ገዝተው ጭናቸው ላይ አኖሩትና ያ የበሰለ፣ የሚያፍን ሽታ መኪናውን ሞላው። ክንዴን እያከክሁ፣ አፈር አልብሼያት የመጣሁት አክስቴ ተነስታ ከኋላዬ የተቀመጠች መሰለኝ።

አክስቴ አልኩ እንጂ በሕይወት እያለች እንዲህ ብያት አላውቅም። አባቴ ሲሞት ከሻሸመኔ ወስዳ አዳማ ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ናት፤ ሁለቱ ሴት ልጆቿ እማዬ ሲሏት እኔ እንደ ሠራተኛዋ እትዬ አስካለ እንድላት፣ አንቱ እንድላት ታዝዣለሁ። አሁን ሞታለችና አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ከፈለገች ትቀየመኝ።

ግቢዋ ውስጥ የዘይቱን ዛፎችና አንድ የጡብ ምድጃ ነበሩ። አያቴ በወጣትነቷ አንድ ጣሊያን ቤት ምግብ ስትሠራ የለመደችውን የቅቤ ሊጥ ይዛ መጣች፤ የፈረንጁን ፍሬ ግን ትታ የግቢዋን ዘይቱን በስኳርና በቀረፋ እያበሰለች ትሞላው፣ እንደ ሳምቡሳ ታጥፈው ጀመር። ቤተሰቡ «እጥፍ» ይለዋል። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ያ እጥፍ ከምድጃ ሲወጣ፣ ከጠርዙ ገንፍሎ የወጣው ዘይቱን ጠቆር ብሎ፣ ሊጡ ገና ሲነኩት እየተፈረፈረ፣ ቅቤው ጣት ላይ እየቀረ... ወይ ጉድ፣ ይኸው ምራቄን ዋጥኩ። ሰው ያቃጠለውን ነገር እንዲህ ይመኛል?

ማጠፍ የሁለቱ ልጆቿ ብቻ ነበር። «ከእናቴ የወረስኩት ነው፣ ለልጆቼ ነው የማወርሰው» ትላለች፤ እናቷ የእኔም አያት መሆኗ ትዝ አይላትም፣ ወይም አሳምሮ ትዝ ይላታል። የእኔ ድርሻ ምድጃው ነበር። የግራሩ ፍልጥ ነዶ ፍሙ ከተጠረገ በኋላ ሙቀቱ የሚለካው ክንድ አስገብቶ ነው። አያቴ የራሷን ክንድ ነበር የምታስገባው አሉ፤ እትዬ አስካለ ግን የልጆቿ ክንድ ነገ ባል የሚያየው ስለሆነ የእኔን ይዛ እስከ ክርኔ ታስገባዋለች።

«ጋለ?»

«ጋለ፣ እትዬ!»

«ገና ነው» ትላለች፣ ክርኔን እንደያዘች። ፀጉሩ ተለብልቦ ካልሸተታት አትለቀኝም። አንድ ፋሲካ ግን ቆዳዬም አብሮ ሄደ።

የዚያኑ ዕለት፣ ክንዴ በጨርቅ እንደተጠቀለለ፣ እንግዶች ፊት ደፍሬ «እትዬ፣ አንድ ብቻ እኔም ላጥፍ» አልኳት። ፈቀደች። እኔ ጅሏ እንዴት ደስ አለኝ! አንዷን እጥፍ ጠርዟን በጣቴ እየቆነጠጥኩ አሳመርኳት፤ የቤቱ ልጅ የሆንኩ መስሎኛል። ከምድጃ ስትወጣ እትዬ አስካለ የእኔን ለይታ አነሳች፣ እንግዶቹን እያየች ፈገግ አለች፣ ግቢው መሀል ወርውራ «ቡቺ!» ብላ ውሻውን ጠራች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ልጆቿ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቡቺ ግን ፍርፋሪዋን እንኳ ሳያስቀር ከአፈሩ ላይ ላሳት፤ በዚህ ሙያ ከልቡ ያመሰገነኝ የመጀመሪያው እሱ ነው፣ ነፍሱን ይማር።

ድስቱን የማጥበው እኔ ስለነበርኩ ሙሌቱን እየላስኩ ተማርኩት። ልጆቿ አድገው ኬክ መግዛት ሲለምዱ እኔ ሻሸመኔ ተመልሼ ኬክ ቤት ከፈትኩ፤ እጥፉ ጠዋት ወጥቶ ረፋድ ላይ ያልቃል። ለእሷ ግን ልኬላት አላውቅም፣ እልህ ነዋ! ያም ሆኖ አያቴ እንደሠራችው ሆኖልኝ እንደሆነ ለማወቅ እንዴት እመኝ ነበር። አያቴን አልደረስኩባትም፤ የእሷን እጅ ቀምሶ የሚያውቅ ሰው የቀረው እትዬ አስካለ ብቻ ነበረች።

ባለፈው ሳምንት ታላቂቱ ልጇ ሮማን ደወለችልኝ። «እማዬ እህል አልቀምስ ብላለች፣ እጥፍ እጥፍ ብቻ ነው የምትለው። በእናትሽ ይዘሽላት ነይ» አለችኝ። በጠዋት ተነስቼ ጋገርኩ፣ ከሁሉም ያማረውን መርጬ በጨርቅ ሸፈንኩ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። ረስቼው አይደለም።

ስደርስ አልጋው ውስጥ የለችም ማለት ይቻላል፣ እንዲህ ሟሙታለች፤ ዓይኗም አያይም። ሮማን «እማዬ፣ መጣችልሽ» ስትላት እጇን ዘረጋች፣ ክንዴን አገኘችው፣ ጣቷ ጠባሳዬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጋለ?» አለችኝ፣ አፏን እንደ ሕፃን ከፍታ።

«ገና ነው» አልኳት።

እሺ ብላ አፏን ገጠመች። ክንዴን እንደያዘች ጠበቀች፣ እኔም አስጠበቅኋት፤ ሳምንት ሳይሞላ አረፈች።

ሚኒባሱ ውስጥ ሽማግሌው ክንዴን ሳክክ አይተውኝ ነው መሰል አንድ ዘይቱን በጋቢያቸው ጠርገው «ኛዹ፣ ብዪ እንጂ ልጄ» ብለው ሰጡኝ። ሻሸመኔ እስክንገባ በልቼ አልጨረስኩትም። ያ የእትዬ አስካለ አፍ አንድ ጊዜ ቢቀምስልኝ «የእናቴ ነው» ይለኝ ነበር፣ ወይም «አይደለም» ይለኝ ነበር፤ አሁን ሁለቱንም ቀብሬ መጣሁ። ዛሬም ጠዋት ጋገርኩ፣ ረፋድ ላይ አለቀ። ደንበኞቼ ጣቶቻቸውን እየላሱ «ይጣፍጣል» አሉኝ። እነሱ ምን ያውቃሉ!