አባቴ ለአማቶቹ ያወረደው ውሃ

አባቴ ሶዶ ከተማ ውስጥ የህንፃ መሳሪያ ነጋዴ ነበር። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቧንቧ ይሸጣል። ቅድመ አያቱ ከሰሜን በሹመት የመጡ ናቸውና በእነሱ ቤት ከአማርኛ ሌላ አይነገርም ነበር። እናቴ ግን የበዴሳ ገጠር ልጅ ናት፤ አስተማሪና በቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን መሪ። እሱ ረቡዕና አርብ ይጾማል፣ እሷ እሁድ ጠዋት ፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት ትዘምራለች፤ እኛ ሦስት ሴት ልጆቻቸው ደግሞ በሁለቱም በኩል አንድም በዓል አያመልጠንም።

ወላይትኛን የተማረው ከደንበኞቹ ነው። የሚስማሩንና የመዶሻውን ስም ቶሎ ያዘ፤ ሰዋስው ግን እስከ መጨረሻው አልገዛለትም። ይህ አያሳፍረውም ነበር። ስህተቱን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል፣ ከዚያ ያንኑ ስህተት ይደግመዋል። እናቴ ልታርመው ስትሞክር፣

"ገብቷቸዋል እኮ። ከገባቸው ምን ቀረ?" ይላታል።

ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ይዘጋል። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነበር፤ ሁላችንም ተሰብስበን ካልተቀመጥን ምሳ አይጀመርም። በምሳ ሰዓት በር ያንኳኳ ደንበኛ ደግሞ አይመለስም፤ እጁን ታጥቦ ከእኛው ጋር ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ከዲምቱ የመጣ ሰውዬ ሚስማር ሊገዛ አንኳኩቶ ገባ። ቦዬ የሚባለውን የሥራሥር ቅቅል በዳጣ በርበሬ በላ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ከእናቴ ጋር ሲጨዋወት ቆየ፣ ከዚያ መኪና እንዳያመልጠው ተጣድፎ ሄደ። ሚስማሩን ሳይገዛ መሄዱ ትዝ ያለን ሱቁ እንደገና ሲከፈት ነው። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም በምሳ ሰዓት።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ቤት በመጣሁ ጊዜ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ውሃ ቀድታ ስትወርድ ጭቃ አዳለጣትና ክንዷ ተሰበረ። ልንጠይቃት ወደ እናቴ መንደር ሄድን። አክስቴ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ፣ ስለ ክንዷ ሳይሆን ስለ ተሰነጠቀው ጀሪካን እያዘነች ጠበቀችን። አባቴ ቡናውን እንኳ ሳይጨርስ ተነስቶ፣ የወደቀችበትን መንገድ ይዞ ኮረብታውን ወጣ። ሲመለስ ጫማው በጭቃ ተለውሷል።

"ምንጩ ያለው ከላይ ነው፤ መንደሩ ያለው ከታች ነው። ታዲያ ሰው ለምን ይወጣል? ውሃው ለምን አይወርድም?" አለ።

"ውሃው እግር የለውማ" አለች አክስቴ።

"እግር እኔ እሸጣለሁ።"

እናቴ ቀና ብላ አየችው። "ትሸጣለህ?"

"ለአማቶቼ እንኳ አልሸጥም" አለ። "ቧንቧው ከእኔ፣ ቁፋሮው ከእነሱ።"

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሰዎች መጥተው ምንጩን ለክተው፣ ፎቶ አንስተው፣ ቃል ገብተው በዚያው ጠፍተዋል። ስለዚህ እሁድ ከጸሎት በኋላ መንደሩ ሲሰበሰብ ብዙው ሰው እጁን አጣጥፎ ነበር የሚያዳምጠው። እናቴ ላስተርጉምልህ ብትለው እምቢ አለ። "አማች በአስተርጓሚ አይናገርም" ብሎ ተነሳና በራሱ ወላይትኛ ጀመረ። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ አክስቴ ክንድ ተናገረ። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ይህን ውሃ እስክትጠጡ ድረስ ከእናንተ አልለይም" ሊል ፈለገ። ከአፉ የወጣው ግን "ይህ ውሃ እናንተን እስኪጠጣችሁ ድረስ" የሚል ነበር።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"ልጄ፣ እኛን የሚጠጣ ውሃ ከሆነ ይቅርብን" አሉ። "እኛ የምንጠጣው ከሆነ ግን ነገ ዶማዬን ይዤ እመጣለሁ።"

ሳቁ እስኪበርድ ብዙ ጊዜ ወሰደ። አባቴም ምን እንዳለ እናቴ በጆሮው ስትነግረው ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነበር። በማግስቱ አዛውንቱ እንዳሉት ዶማቸውን ይዘው ቀድመው ደረሱ።

አባቴ ከወረዳው ባለሙያ አምጥቶ ምንጩን አስመረመረ። ከዚያ ቁፋሮው በየቤቱ ተከፋፈለ። ጥቁሩን የፕላስቲክ ቧንቧ በጥቅል በጥቅል በአይሱዙ አመጣን፤ መኪናው መውጣት የማይችለውን ዳገት ሴቶቹና ወንዶቹ በትከሻ አወጡት። እኔ መገጣጠሚያ ማሰር ተማርኩ። አክስቴ በአንድ እጇ ለቆፋሪው ሁሉ ቆሎ ታድላለች፤ አላግባብ ያረፈ ካየች ግን ትነጥቃለች። አባቴ ሱቁን ለእናቴ ትቶ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣ ነበር። እንደዚያ ክረምት ከስቶም ደስ ብሎትም አይቼው አላውቅም።

ውሃው የሚከፈትበት ቀን አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ። መንደሩ በሙሉ ውሃ መቅጃው ቦኖ ዙሪያ ቆሟል፤ ጀሪካኖቹ ተሰልፈዋል። የመጀመሪያዋ ቀጂ እንድትሆን የተመረጠችው አክስቴ ቧንቧውን ከፈተች። ቧንቧው ሁለት ጊዜ አሳለ፣ ትንሽ አየር ተፋ፣ ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅን። ምንም የለም። ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ አባቴን የሚያይ ግን አልነበረም፤ እንዳያፍር ብለው ይመስለኛል። ግንባሩን ላብ አቸፈቸፈው።

"ነይ" አለኝ፤ ሁለታችን ኮረብታውን ሽቅብ ሮጥን።

ምንጩ ጋ ደህና ነው፤ ውሃው ወደ ቧንቧው እየገባ ነው። መስመሩን ተከትለን ወረድን። መሃል ላይ መሬቱ ትንሽ ከፍ የምትል ጉብታ ነበረች። አባቴ እዚያ ቆመና ቧንቧውን በጆሮው አዳመጠ።

"አየር ይዞታል። ይህን መገጣጠሚያ ትንሽ አላልተሽ ልቀቂው" አለኝ።

አላላሁት። መጀመሪያ እንደ እባብ ፉጨት ያለ ድምፅ ወጣ፤ ቀጥሎ ውሃው ፈንድቶ አባቴን ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ አጠበው። ከራቫቱ ትከሻው ላይ ተለጠፈ። እሱ ግን ልብሱን አላየም። "እሰሪው፣ ቶሎ እሰሪው" ይላል፣ ጆሮው ግን ወደ ታች ነው። መልሼ ካሰርኩት በኋላ ጥቂት ቆይቶ ከታች እልልታ ተሰማ። አባቴ ሣሩ ላይ ቁጭ አለና በእርጥብ እጁ ዓይኑን ጠረገ።

ስንወርድ አዛውንቱ በእጃቸው ሙሉ ውሃ ይዘው እየጠጡ ነበር። የአባቴን ልብስ ከላይ እስከ ታች አዩት።

"አንተንስ በእርግጥ ጠጥቶሃል" አሉት።

የቦኖው ቁልፍ ለሴቶች ኮሚቴ ተሰጠ፤ ሰብሳቢዋ አክስቴ ሆነች። ዛሬም ይሠራል። ሲበላሽ የሚጠግኑት ራሳቸው ናቸው።

አባቴ ያረፈው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከአጭር ሕመም በኋላ ነው። በቀብሩ ቀን መንደሩ በሁለት አይሱዙ ሞልቶ መጣ። ፍትሐቱ ሲያልቅ የጸሎት ቤቱ መዘምራን ቄሱን አስፈቅደው ከቅጥሩ በር ውጭ ዘመሩለት፤ ቄሱም መዝሙሩ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አክስቴ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ፣ እኛ ልጆቹ ሰምተነው የማናውቀውን ነገረችን። አባቴ እናቴን ሊያይ ወደ ቤታቸው የመጣው ዶሮ ልግዛ ብሎ ነው። ለአራት ተከታታይ ቅዳሜ መጣ፤ ሁልጊዜ ዶሮ ይገዛል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ እናቴ ውሃውን ስታመጣ አንድ ቃል ሳይናገር ጠጥቶ ይሄዳል። በአምስተኛው ቅዳሜ አያቴ በሩ ላይ ቆመው፣

"ልጄ፣ ዶሮው አልቋል። የቀረችን ይህች ልጅ ብቻ ናት" አሉት።

"ጊዜው እኮ የሁዳዴ ጾም ነበር" አለች እናቴ፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል። "አንዷንም ሊበላት አይችልም ነበር። መጀመሪያ ሱቁን ሳይ እነዚያ ሁሉ ዶሮዎች የሚስማር ሣጥኑ ላይ እንቁላል ጥለው ተኝተዋል።"

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳቀ፤ እናቴም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።