የቾኒ እንባ

ቾኒ ባሏ ሳንጌ ከሞተ ሦስት ወር ቢያልፈውም አንዲት ጠብታ እንባ አላፈሰሰችም። ሳንጌ ላምፔሪ በተባለው ተራራማ ስፍራ በሚገኘው የዕፅዋት ማዕከል አትክልተኛ ነበር። በቡድሃ እምነታቸው ወግ መሠረት አርባ ዘጠነኛ ቀኑ በጸሎት ሲታሰብ እንኳ እሷ ለመነኮሳቱ ሻይ ስትቀዳ ዋለች እንጂ አላለቀሰችም።

በየሚያዝያው በማዕከሉ የሚከበረው የአበባ በዓል ሲደርስ፣ እንደየዓመቱ በግቢው የምግብ መሸጫ ድንኳኗን ተክላ ቃሪያውን ከአይብ ጋር መቀቀል ጀመረች። ጎብኚው ጭፈራውን አይቶ ሲርበው ወደ እሷ ይመጣል። ከድንኳኗ ፊት ለፊት ሳንጌ የተከላቸው ዛፎች ቀይ አበባቸውን ዘርግተዋል። አየቻቸው፤ ባዶ ግድግዳ ያየች ያህል ነበር።

"አንቺ፣ ጨው የለውም እኮ!" አለች ጎረቤቷ ዴኪ ከድስቱ ቀምሳ። "እንግዳው ሆስፒታል የተኛ ይመስለዋል።"

"ጣዕም አይታወቀኝም" አለች ቾኒ።

"እስኪ ጉረሺው!"

ቾኒ ከቀይ ሩዝ ጋር ጠቅልላ ጎረሰች። ቃሪያው ትን ብሏት ሳል አጣደፋት፤ እንባዋ በጉንጮቿ ወረደ። ዴኪ ጭልፋውን ጥላ አቀፈቻት።

"አልቅሺ እህቴ፣ ይውጣልሽ! ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር" አለችና ራሷ ተንሰቀሰቀች።

ቾኒ "ቃሪያው ነው" ልትል አፏን ከፈተች። ግን ዴኪ ከልቧ ስታነባ አይታ ተወችው። ቢያንስ አንድ ሰው ለሳንጌ እያለቀሰለት ነው፣ ብላ አሰበች። ከዚያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ድስቱ ውስጥ ጨው ጨመረች፤ የተሰለፉት እንግዶችም ሳህናቸውን ዘረጉ።