ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ሰባት ቤት ስንቆጥር

አባቴ በፎገራ ሜዳ የታወቁ ዘር ቆጣሪ ናቸው። ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ዝምድና ካገኙ ጋብቻው ይቀራል፣ ካላገኙ ይመርቃሉ። ወንድሜ የሸክላ ሠሪ ልጅ ላግባ ሲል ግን መቁጠሩንም ተጸየፉት።

«ከነሱ ጋር ምን ይቆጠራል? አጥንታቸው ሌላ፣ አጥንታችን ሌላ!»

ደሜ ፈላ። ወረታ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ይህን በገዛ ቤቴ ልስማ?

«አባዬ፣ ስሙኝማ። በጥንት ጊዜ ከኛ ሌላ የሰው ዝርያዎች ነበሩ። ዛሬ ጠፍተዋል። ሳይጠፉ ግን ከኛዎቹ ጋር ተዋልደዋል፤ ምልክታቸው እስከ ዛሬ በብዙ ሰው ደም ውስጥ አለ።»

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። «ከሌላ ፍጡር ጋር?»

«ከሌላ ዓይነት ሰው ጋር። እርስዎ ደግሞ አብራን ሩዝ የምታጭድ ልጅ ይጸየፋሉ!»

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«የተወለደው ልጅስ ከማን ወገን አደገ?»

«አንዳንዱ ከዚህ፣ አንዳንዱ ከዚያ ይሆናላ» አልኳቸው።

በማግስቱ «በሉ ተነሡ፣ እንቁጠር» አሉ። ወንድሜ በደስታ ሊያብድ! እኔማ አሸነፍኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሸክላ ሠሪዎቹ ደጅ፣ ገና ካልተተኮሱ ጋኖች አጠገብ ተቀመጥን። የልጅቱ ሴት አያት በጣታቸው እየቆጠሩ ወደ ላይ ወጡ፤ አባቴም እንዲሁ። አራተኛው ቤት ላይ አሮጊቷ የአንድ ሰው ስም ጠሩ። የአባቴ ጣት ባለበት ቀረ። የራሳቸው የአባቴ ቅድመ አያት ስም ነበር።

«ውሃው ሜዳውን በዋጠው ክረምት እኛ ዘንድ ተጠግተው ከረሙ» አሉ አሮጊቷ። «አያቴ አባቴን የወለደችው ከሳቸው ነው። ልጁ እኛ ዘንድ አደገ።»

«እስከ ዛሬ እንዴት ሳትነግሩን?» አልኩ፤ ክው ብዬ ነበር።

«ማን ጠየቀን? እናንተ አልቆጠራችሁትም እንጂ እኛስ ስንቆጥረው ኖረናል።»

«እንደገና ቁጠሩ!» ብሎ ወንድሜ ጮኸ። እንደገና ቆጠሩ። እዚያው ሰው ላይ ደረሱ። ወንድሜ እኔን አየኝ።

ወንድሜ የመረጣት ልጅ ይህን ሳትሰማ ውሃ ይዛ ወጣች። አባቴ ከዚያ ቤት በዕድሜያቸው ቀምሰው አያውቁም። ጣሳውን ተቀብለው ጠጡ።

«ተባረኪ፣ ልጄ» አሏት።

እሷ የተፈቀደላት መስሏት ወንድሜን ቀና ብላ አየችውና ሳቀች።