«ቤቶች!» ተብሎ የሚገባበት መቃብር

በረዶው ሲቀልጥ፣ እዚህ ባሕር ማዶ ማርቲንዴል በሚባለው ሰፈር ያለው የቤታችን ቤዝመንት እርጥብ ድንጋይ፣ እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። ባለፈው መጋቢት ልጄ ሳምራዊት ሥራ እንደ ወጣች ወደ ክፍሏ ልወርድ ደረጃውን ጀመርኩ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣላትን ደብዳቤ ከደበቀችኝ ሳምንት ሆኗታል፤ መሳቢያዋን ከፍቼ ላነበው ቆርጬ ነበር። አባት ነኝ፣ መብቴ ነው ብዬ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያ ሽታ ሲቀበለኝ ግን አያ ተሰማ ትዝ አሉኝ።

አያ ተሰማ በልጅነቴ የደብራችን መቃብር ቁልፍ ያዥ ነበሩ። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው፤ በዕድሜም ይበልጠዋል ይባላል። አለቱን ፈልፍለው የሠሩትን ሰዎች ስማቸውን የሚያውቅ የለም። ለንግሥ የመጣ እንግዳ ልየው ሲል፣ አያ ተሰማ ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው፣ ላምባ ላምባ የሚሸተውን ፋኖስ አንጠልጥለው ይቀድማሉ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና እንደ ጎረቤት ደጅ «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ። ከዚያ ጸጥታውን ያዳምጣሉ።

አንዱ የከተማ ሰው «ማን ሊመልስልዎት ነው፣ አያ?» ብሎ ሳቀ።

«ቢመልሱማ ቀድመኸኝ የምትሮጠው አንተ ነህ» አሉት።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከእንግዶች ጋር ተቀላቅዬ ወረድኩ። ግድግዳው ያልበዋል። ከአለቱ የተፈለፈሉት የድንጋይ ሣጥኖች ክዳናቸው ተሰባብሯል። አንዱ ሥር፣ አፈሩ ውስጥ፣ ሰማያዊ ዶቃ አየሁና ኪሴ ከተትኩት።

ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ብይ ስንጫወት አያ ተሰማ ፊት ከኪሴ ወደቀ። ዱላ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መቃብሩ ደጃፍ ወስደው ፋኖሱን አስያዙኝ።

«ተጣራ። ሲፈቅዱልህ ግባና ከወሰድክበት መልስ።»

«እንደ ፈቀዱልኝ በምን አውቃለሁ?»

«እጅህ መንቀጥቀጡን ሲተው።»

ብዙ ቆየሁ። እሳቸውም አብረውኝ ቆዩ። በመጨረሻ ወርጄ መለስኩት። ለአባቴ አልነገሩብኝም፤ ዳግመኛም አላነሱት።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ያወቅሁትን ያወቅሁት ከየመጽሐፉ ለቃቅሜ ነው። ይህን ግን መጽሐፍ አላስተማረኝም፤ ሙታን ቤት ሳያስፈቅዱ የማይገባ ከሆነ፣ የልጅን መሳቢያ መበርበር ምን ይባላል? ልጆቼን በሌላው ሁሉ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው በዚህ ጥፋተኛ ነበርኩ።

ሳልነካው ወጣሁ። አመሻሽ ላይ ከሺፍቷ ስትመለስ በሯ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ።

በሩ ተከፈተ። «አባዬ? አንተ እኮ ኖክ አድርገህ አታውቅም!»

«ጠዋት ደብዳቤሽን ላነብ መጥቼ ነበር። ተውኩት» አልኳትና የዶቃውን ነገር ነገርኳት።

«ዌይት፣ ከሞቱ ሰዎች ሰረቅክ?» ብላ እስኪያንቃት ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ ራሷ መሳቢያውን ከፍታ ደብዳቤውን ሰጠችኝ። «ፌይል አድርጌያለሁ፣ አባዬ። ኢንጂነሪንጉን። ትጮህብኛለህ ብዬ ነው።»

እውነቷን ነው፤ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ወረቀቱ እጄ ላይ ሲርገበገብ አየሁት። እስኪቆም ጠበቅሁ።

«ተቀመጪ» አልኳት፤ «ከየት እንደምትጀምሪ እንነጋገር።»

በመስከረም በመረጠችው ትምህርት እንደ አዲስ ጀመረች። አሁን ስወርድ ከደረጃው ራስ ላይ እጣራለሁ። አንዳንዴ «ግባ» ትለኛለች። አንዳንዴ ደግሞ «ቆይ አባዬ፣ እያጠናሁ ነው» ትላለች።

እቆያለሁ።